የጠመንጃው መንገድና የጠመንጃው ዕዳ

የጠመንጃ ታሪካችን በየሰው አእምሮ ተበጣጥሶ ይኖራል። አንዱ የግራኝን ዘመን ነፍጥ ያነሣል፣ ሌላው ሴባስቶፖልን። ዓድዋን የማያወሳ የለም። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ ተኩስ የተማረው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ መሆኑን ከታላላቆቹ ሰምቷል። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ከእያንዳንዳቸው የሚበልጥ ታሪክ ይወጣቸዋል። በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ በዚህች አገር ማን እንደነገሠ፣ ማን እንደገበረ፣ ጠረፉም የት ላይ እንደቆመ በአብዛኛው የወሰነው ባሩድና ጥይት የሚመጣበት መንገድ በማን እጅ እንደነበረ ነው። ያን መንገድ ለመያዝ የተከፈለ ዋጋም አለ። ከፋዩ ብዙ ጊዜ ስሙ ሳይጠራ የቀረ ሕዝብ ነው።

ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም.፦ በሁለት ወደብ የገባ ነፍጥ

ግራኝ የሚባሉት ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ሲያሸንፉ ነፍጥ ገና ብርቅ ነበር። የዘይላ ወደብ ግን በእጃቸው ነበርና ከቀይ ባሕር ማዶ ካሉት ኦቶማኖች መድፍና ባለነፍጥ ያገኙ ነበር። የንጉሡ ወገን መሣሪያ የሚያስገባበት ወዳጅ ሩቅ ነው፤ ፖርቱጋል። እርዳታው የደረሰው ልብነ ድንግል ካረፉ በኋላ በ1533 ዓ.ም. ነበር። በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ከምፅዋ ተነሥተው ወደ ደጋ ወጡ።

የዚያን ዘመን ነፍጥ አተኳኮስ ማየት ብዙ ነገር ያስረዳል። ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፣ ድቡልቡሏን እርሳስ ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያ ቀስ እያለ የሚጨስ ክር ወደ ባሩዱ አስጠግቶ ያቀጣጥላል። ክሩ በዝናብ ከራሰ ነፍጡ ከዱላ አይሻልም። ባሩዱ ካለቀ ደግሞ ዱላው ራሱ ይሻላል። ስለዚህ ኃይሉ ያለው ተኳሹን ሳያቋርጥ በሚመግበው ጓዳ ነው።

ይህ ሳይውል ሳያድር ታየ። ኢማሙ ከየመን የኦቶማን ገዥ 900 ያህል ባለነፍጥ አስመጥተው በነሐሴ 1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹን ድል አደረጉ፤ ዳ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ድሉ ያለቀለት ስለመሰላቸው ከባለነፍጦቹ የሚበዙትን ወደመጡበት አሰናበቱ። ዐፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ግን ባሩድ እያዘጋጁ ተከታዮቹን ወራት አሳለፉ። በየካቲት 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ በፖርቱጋል ነፍጥ ተመትተው ወደቁ። ሁለቱም ወገን በሰው ወደብ በኩል በመጣ መሣሪያ ተዋግቶ ነበር፤ ወደቡ ግን የሁለቱም ሆኖ አልቀረም። በ1549 ዓ.ም. ኦቶማኖች ምፅዋን ያዙ።

ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም.፦ የምፅዋ መንገድና የጎንደር ዙፋን

ምፅዋ በውጭ ሰው እጅ ብትሆንም ከምፅዋ ወደ ደጋ የሚወጣው የነጋዴ መንገድ ትግራይን ያልፋል። ይህን በሚገባ የተረዳው ራስ ሚካኤል ስሑል ነው። ከቀረጥና ከጨው ንግድ ባገኘው ሀብት በመላው አገር አቻ የሌለው የጠመንጃ ክምችት አደራጀ። ለእርዳታ ተጠርቶ ጎንደር ከገባ በኋላም በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አስገደለ። ንጉሥ አንጋሽ ሆነ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን ዘመን ጎንደር ተቀምጦ አይቶታል። ዘመነ መሳፍንት የሚባለው የሰማንያ ዓመት ሽኩቻ የተጀመረው በዚህ ግድያ ነው።

ጠመንጃ ሁሉን የሚያሸንፍበት ዘመን ግን ገና አልደረሰም። በ1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ብዙ ጠመንጃ ያሰለፉት የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በየጁ ፈረሰኞች ተሸንፈው ተገደሉ። አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርስ ፈረሰኛ ይደርስበታልና። ሰባጋዲስ ከእንግሊዝ መሣሪያ ለማስመጣት መልእክተኛ ልከው ነበር፤ ሊጠቅማቸው በሚችልበት ሰዓት አልደረሰላቸውም።

በዚሁ ጊዜ ሸዋ ሌላ በር እያንኳኳች ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከፈረንሳይም ጋር ተስማሙ። ጠመንጃው በታጁራ ወርዶ የአፋርን በረሃ በግመል ተሻግሮ አንኮበር ይደርስ ነበር። የተገኘውም በንጉሡ ግምጃ ቤት ይቆለፋል፤ ለዘመቻ ይወጣል፣ ከዘመቻ መልስ ይገባል። ይህች የበረሃ መንገድ የኋላ ኋላ የአገሪቱን መልክ ትለውጣለች።

ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም.፦ ጋፋት፣ መሣሪያውን እዚሁ የመሥራት ሕልም

ካሣ ኃይሉ ገና ሳይነግሥ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብፅን ምሽግ በፈረስና በጦር ሊደፍር ሞክሮ በመድፍ ተመታ። የሠለጠነ ተኳሽና መድፍ ምን እንደሚያደርግ በገዛ ወገኑ ደም ተማረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ያ ትምህርት አብሮት ዙፋን ላይ ወጣ።

ቴዎድሮስ ከእሱ በፊት የነበሩት ያላሰቡትን አሰበ። መንገዱ በቱርክና በግብፅ ከተዘጋ መሣሪያው እዚሁ ይሠራ አለ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቫልድማየርን የመሰሉ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ከአገሬው ሠራተኛ ጋር ተቀምጠው ማቅለጫ ሠሩ፣ ሙከራቸው ብዙ ጊዜ ከሸፈ፣ የማታ ማታ መድፍ አፈሰሱ። ከሁሉ የገዘፈው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ፣ ተራራ እየተቆረጠ መንገድ እየተሠራ፣ ወራት ፈጀ። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ያነሣ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ አሮጌ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር ያን ሁሉ ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ ደመሰሰው። ቴዎድሮስን ሊወጉ የመጡት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወታደሮች የያዙት ስናድር ጠመንጃ በአፈሙዝ ሳይሆን ከኋላ ይጎርሳል፤ አንዱ የቴዎድሮስ ወታደር ባሩዱን ጠቅጥቆ እስኪጨርስ እንግሊዛዊው ደጋግሞ ተኩሷል። ከኢትዮጵያውያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከለት ሽጉጥ ራሱን አጠፋ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

እንግሊዞች ሲመለሱ መንገድ ለሰጧቸው ለትግራዩ ካሣ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። በዚህ መሣሪያ ካሣ በ1863 ዓ.ም. በቁጥር የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ዓድዋ አጠገብ ድል አድርገው በተከታዩ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። ዘውዱ የተገኘው ለባዕድ ጦር ከተከፈተ መንገድ በተቀበሉት ዋጋ ነው።

1868 ዓ.ም.፦ የአሜሪካ ጠመንጃ በጉራዕ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያበቃ ሁለት ነገር ያለ ሥራ ቀረ። አንደኛው የጦር መሣሪያ ፋብሪካው፣ ሁለተኛው መኮንኑ ነው። የግብፁ ከዲቭ ኢስማኤል ሁለቱንም ሊሸምት ገበያ ገባ። ከሬሚንግተን ፋብሪካ ጠመንጃ በብዛት አዘዘ፤ ከሰሜንም ከደቡብም ወገን የተዋጉ መኮንኖችን ቀጠረ። ከእነዚህ አንዱ ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ነበር። ሎሪንግ በሜክሲኮ ጦርነት አንድ ክንዱን ያጣ፣ በ1841 ዓ.ም. ፈረሰኛ ተኳሾችን እየመራ የአሜሪካን ምድር አቋርጦ ኦሪገን ድረስ የዘለቀ፣ በኒው ሜክሲኮም ከአፓቺዎች ጋር የተዋጋ የጠረፍ ወታደር ነው። አሁን ደግሞ ኢትዮጵያን ሊወጋ የተላከው የግብፅ ጦር ምክትል አዛዥ ሆኖ ወደ ሐማሴን መጣ።

የያዙት ሬሚንግተን በዘመኑ የታወቀ ጠመንጃ ነው። ተኳሹ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፣ ከበስተኋላው ያለውን ወፍራም ብረት ያንከባልላል፣ የናሱን ጥይት ያጎርሳል፣ ይመልሰዋል፣ ቃታ ይስባል። የሚበላሽ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ሜዳ ያሉ ቆዳ ነጋዴዎች የጎሽ መንጋ የጨረሱበት ይህን ዓይነት ጠመንጃ ነው።

በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ በዴንማርካዊው አረንድሩፕ የሚመራው የግብፅ ጦር ተከቦ አለቀ። ለበቀል የመጣው ትልቁ ጦር ጉራዕ ላይ መሸገ። አዛዡ ራቲብ ፓሻ ከምሽጉ መውጣት አልፈለገም፤ ሎሪንግ ወጥተን እንግጠም እያለ እንደወተወተው ይተረካል። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መባቻ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ሜዳ ላይ የወጣውን ጦር ከየአቅጣጫው ገብቶበት ፈጀው። በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን፣ መድፍና ጥይት ተማረከ። ኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ በግዢ ልታገኘው የማትችለውን ዘመናዊ መሣሪያ ከጠላቷ እጅ ወሰደች።

ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ በሰኔ 1868 ዓ.ም.፣ ከዓለም ሌላኛው ጫፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በአሜሪካ፣ በሊትል ቢግሆርን ወንዝ ዳር፣ የአገሩ ተወላጆች ላኮታዎችና ሻየኖች የአሜሪካውን ጦር አዛዥ ከስተርን አብሮት ከነበረው ጦር ጋር ደመሰሱት፤ ከስተርም በእጁ ይዞት የነበረው ሬሚንግተን ነበር። ሁለቱም ሕዝቦች አገራቸውን ለመከላከል ተዋጉ፤ ሁለቱም አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ላኮታዎች ወደብ አልነበራቸውም፤ ጥይት የሚሸጥላቸው ነጋዴ በመንግሥት ታገደ፤ የሚሸምቱበትም የሚበሉትም የጎሽ መንጋ አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ጦረኛው ክሬዚ ሆርስ እጁን ሰጠ። ኢትዮጵያ ግን የምትሸጠው ነገር ነበራት፤ ነጋዴዎችም እርስ በርስ የሚሻሙባት የባሕር ዳርቻ ከአጠገቧ ነበር። ልዩነቱ የወንድነት አይደለም። ከማረኩት ጠመንጃ ጋር የሚስማማ ጥይት ከዓመት ዓመት የማስገባት ዐቅም ነው።

ከ1874 እስከ 1887 ዓ.ም.፦ የዝሆን ጥርስ ወጣ፣ ውጅግራ ገባ

ይህን ዐቅም ከማንም በላይ የገነባው የሸዋው ምኒልክ ነው። መነሻው አስቸጋሪ ነበር። ምፅዋ በዮሐንስ መንገድ ላይ ናት፤ ለሸዋ የቀራት የአያቱ የሣህለ ሥላሴ የበረሃ መንገድ ናት። ፈረንሳይ ኦቦክን፣ ጣሊያን አሰብን መያዛቸው ደግሞ ሁለት የሚፎካከሩ ሻጮች አቀረበለት። የሚከፈለው ግን ከየት ይምጣ? የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ያለው በምዕራብና በደቡብ ነው። በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያሸንፍ የተወሰነው የሁለት ነገሥታት ክብር ብቻ አልነበረም፤ የደቡብ ምዕራብ ሀብት በማን በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል የሚለው ጥያቄ ነው። ሸዋ አሸነፈች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ ኃይል ተሽከረከረ። የተገኘው ሀብት ጠመንጃ ገዛ፤ ጠመንጃው አዲስ አገር አስገበረ፤ አዲሱ አገር የበለጠ ሀብት አወጣ። በ1879 ዓ.ም. ሐረር ሲያዝ ለዘይላና ለጅቡቲ የሚቀርብ በር ተጨመረ። በዚያው ዓመት ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ከታጁራ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ደረሰ። ምኒልክ ዋጋውን ሰብሮ፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳ ቀንሶ፣ ቀሪውን ሐረር ላይ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ጽፎ ሸኘው። ምኒልክ መሣሪያ ሲገዛ የሚታለል ሰው አልነበረም። ከስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ምክር ይቀበላል፣ ፈረንሳዊውን ሼፍኖን ይልካል፣ ከጣሊያኑ አንቶኔሊ ይዋዋላል። አገሬው ውጅግራ ብሎ የጠራው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ በየወታደሩ ትከሻ ላይ ታየ።

በሌላው ወገን የቆመው ሰው ምን ነበረው? አርሲዎች ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል በፈረስና በጦር ተከላከሉ። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ የራስ ዳርጌ ጦር ጠመንጃ ነገሩን ቆርጦ ወሰነ። በ1887 ዓ.ም. ተራው የወላይታ ሆነ። ክፉ ቀን የተባለው ረሃብና የከብት እልቂት ሰሜኑን ባራቆተ ማግስት ሠራዊቱ ወደ ለምለሟ ወላይታ ዘመተ። ንጉሡ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ሰውና ከብት ተነዳ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊ ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ አሳትሟል፤ የጻፈው ለማንበብ ይከብዳል። ጦር ይዞ ከምሽግ ጉድጓድ የሚዋጋ ሰው ከጠመንጃ ፊት ቆሞ ነበር።

የዚህ ሁሉ ጓዝ መንገድ ዛሬ እኛ በምንኖርበት፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል ያልፋል። ቀራንዮ የምትገኘው ወደ አምቦና ወለጋ በሚወጣው መንገድና በአየር ጤና አድርጎ ወደ ጅማ በሚወርደው መንገድ መካከል ነው። የወለጋ ወርቅ፣ የጅማና የከፋ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ወደ አዲስ አበባ የገባው በምዕራቡ አቅጣጫ ነው። በምርኮ የተነዳውም ሰው ከዚያው ወገን መጥቷል። ከተማዋ ከዚህ ንግድ ጋር አብራ አደገች።

1888 ዓ.ም.፦ ዓድዋ

ጣሊያን ምኒልክን በመሣሪያ ልይዘው እችላለሁ ብላ አስባ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ከብድርና ከጠመንጃ ጋር የመጣ ነው። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ወደ አፍሪካ የሚገባ መሣሪያ እንዲገደብ ሲስማሙም ጣሊያን ኢትዮጵያን ወክያለሁ ብላ ቀረበች። ምኒልክ የገባው ነገር ይህ ነው፤ በውጭ ጉዳይ ሌላ ሰው የሚናገርለት አገር ጥይቱንም ሌላ ሰው ይቆጥርለታል። በ1885 ዓ.ም. ከጣሊያን የተላከውን ሁለት ሚሊዮን ጥይት ከተረከበ በኋላ ውሉን አፈረሰ፤ ብድሩንም ከፈለ።

ከዚህ በኋላ ያለው ይታወቃል። በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ፤ በጥር እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስይዘው መቀሌ ላይ የተከበበው ምሽግ እጅ ሰጠ፤ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ። አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ተሰለፈ፤ ከእነሱ የሚበዛው ጠመንጃ ነበረው። ከ17 ሺህ በላይ የሆነው የጣሊያን ጦር 56 መድፍ ይዞ መጣ፤ መድፎቹን ጥሎ ሸሸ። ባልቻ ሳፎ ፈጣን ተኳሽ መድፎችን ይመራ ነበር። ሰዎች ጀግንነቱን ሲያወሱ እውነታቸውን ነው፤ ጀግንነት ባይኖር ተራራው አይወጣም ነበር። ግን ጀግናው መቅደላም ነበር፣ አሮጌም ነበር። አሮጌ ላይ ያልነበረው፣ ዓድዋ ላይ የነበረው፣ ከየወደቡ ተገዝቶ የተከማቸው ጠመንጃና ጥይት ነው።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? የአርሲ ከብት፣ የከፋና የወለጋ የዝሆን ጥርስ፣ የወላይታ ምርኮ ዓድዋ ላይ ተተኩሷል። ከደቡብ የዘመቱ ብዙ ሰዎችም እዚያው ተራራ ላይ ወድቀዋል። ድሉ የሁሉም የሆነው በዘፈን ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ነው።

ከ1889 እስከ 1909 ዓ.ም.፦ ጠረፉ የቆመበት

ከዓድዋ ማግስት አውሮፓውያን ከሁሉም በኩል ወሰን እናስምር እያሉ መጡ። ምኒልክም ወደ ጠረፉ ተሽቀዳደመ። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ለዘመናት የቆየውን የከፋን መንግሥት ወጋ። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በየጫካው ተደብቀው ተዋጉ፤ በመጨረሻ ተያዙ፤ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ አረፉ።

በአዲሱ ጠረፍ ላይ ጠመንጃ የአስተዳደር መሠረት ሆነ። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ገባር ሰጠው። ወታደሩ ጠመንጃውን ከመንግሥት፣ ቀለቡን ከገበሬው ይቀበላል። ገበሬው ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እህል ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል፤ ጠመንጃ ግን አይዝም። ይህ ሥርዓት መልኩን እየለዋወጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖረ፤ ትዝታው ዛሬም በፖለቲካችን ውስጥ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ጥይት በየገበያው ገንዘብ ሆነ። በአሞሌ ጨውና በማሪያ ቴሬዛ ብር መካከል፣ ለትንንሽ ግዢ የውጅግራ ጥይት ይቀበሉ ነበር። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም፤ ተለቅሞ እንደገና ባሩድ ይሞላል። ከጎሬ በኩል ወደ ቆላ የወረደው ጠመንጃ በዝሆን ጥርስ ተለውጦ አኝዋኮች እጅ ገባ። እነሱም በ1904 ዓ.ም. በሱዳን በኩል የመጣባቸውን የእንግሊዝ ጦር ብርቱ ጉዳት አድርሰውበታል። ጠመንጃ ያገኘ ጠረፈኛ ጠረፉን ሊያስከብር እንደሚችል ጋምቤላ ምስክር ናት። ዝሆኑ ግን እየተመናመነ ሄደ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የግመሉ ዘመን አበቃ፤ የጠመንጃው መንገድ አንድ ሐዲድ ሆነ። አንድ ሐዲድ ለመዝጋት አይከብድም።

ከ1922 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ በሩ ሲዘጋ

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይህን አደጋ አይተውታል። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ተዋዋሉ። ቤልጂጎች የክብር ዘበኛን አሠለጠኑ፤ በ1927 ዓ.ም. ስዊድናውያን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጊዜው ግን አልበቃም። ጦርነቱ ሲቃረብ ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ እገዳው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የወረደው ሠራዊት የየዘመኑን ጠመንጃ ይዞ፣ ለአንዱ የሚሆነው ጥይት ለሌላው ሳይሆን፣ ከአውሮፕላንና ከመርዝ ጋዝ ጋር ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት አርበኛው አዲስ መንገድ አገኘ። መንገዱ ጠላት ራሱ ነበር። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ ገረሱ ዱኪ ከወሊሶ እስከ ጅማ ባለው አገር፣ ካሚዮን እያደፈጡ ምንሽር ማረኩ። በከተማ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ጥይትና መድኃኒት እየደበቁ ወደ በረሃ ላኩ። ወደብ ያልነበረው፣ ሐዲድ የተዘጋበት ሰው ጠመንጃውን ከያዘው እጅ እየነጠቀ ተዋጋ።

1954 ዓ.ም.፦ ኮልፌ

ከድል በኋላ የመሣሪያው ምንጭ አሜሪካ ሆነች። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት በኋላ ሠራዊቱ ኤም ዋን ያዘ። ጉራዕ ላይ በጠላት እጅ የመጣው የአሜሪካ ጠመንጃ አሁን በወዳጅ እጅ መጣ።

በ1954 ዓ.ም. ወደ ኮልፌ፣ ወደ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር፣ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ገባ። ኔልሰን ማንዴላ በአገሩ የትጥቅ ትግል ለመጀመር ወታደርነት ሊማር ነበር የመጣው። ከጣሊያን ጋር የተዋጋው መቶ አለቃ ወንድሙ በፍቃዱ ተኩስ፣ ፈንጂ አያያዝና ሞርታር አስተማረው፤ ጠመንጃና ጥይት አሸክሞ ተራራ አስወጣው። የጦር ትምህርቱን የሚሰጡት የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ማንዴላ ወደ አገሩ ስለተጠራ በአጭሩ ተቋረጠ። ሲሰናበት ኮሎኔሉ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጡት። ማንዴላ አገሩ ገብቶ ሪቮኒያ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ቀበረው፤ በቀናት ውስጥም ተያዘ። ሽጉጡ ብዙ ቢፈለግም አልተገኘም።

የታደሰ ብሩ የኋላ ዕጣ ከዚህ ታሪክ አይነጠልም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቅለው ገበሬው፣ በተለይም የኦሮሞ ገበሬ፣ ከትምህርትና ከመሬት መገለሉን በአደባባይ ተናገሩ። ታሰሩ። በ1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ ገደላቸው። በዚያው ዓመት፣ በየካቲት፣ መሬት ለአራሹ የሚለው አዋጅ ወጥቶ የገባርነት ርዝራዥ ተነቅሎ ነበር። ከዓድዋ መንገድ የመጣውን ዕዳ ያስታወሱት ሰው ዕዳው በተሰረዘበት ዓመት ተገደሉ።

ከ1969 እስከ 2012 ዓ.ም.፦ ክላሽ በየቤቱ

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተቆራረጠ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የሶቪየት ኅብረት አውሮፕላንና መርከብ ክላሽንኮቭ፣ ታንክና መድፍ አጎረፉ። ክላሽ ከቀደሙት ሁሉ ይለያል። ቀላል ነው፣ ማንም ይማረዋል፣ ከቁጥርም በላይ ይበዛል። ለቀበሌ ጥበቃ፣ ለሚሊሺያ፣ ለሠራዊቱ ታደለ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ወታደሩ ለጉዞ ቀለብ ጠመንጃውን ሸጠ፤ ክላሹም በየጎጆው ገባ። ሣህለ ሥላሴ በግምጃ ቤት ይቆልፉት የነበረው መሣሪያ የግለሰብ ሀብት ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ለፈቃድና ለምዝገባ ሥርዓት አበጀ። ሕጉ ተገቢ ነው። ሕግ ብቻውን ግን አምስት መቶ ዓመት የቆየ ትምህርት አይሽርም፤ ይህች አገር ጠመንጃ የሌለው ይገብራል የሚለውን ለልጆቿ በተደጋጋሚ አስተምራለች። ዛሬ መሣሪያው የሚመጣው በአንድ ወደብ ወይም በአንድ ሐዲድ አይደለም፤ በየጠረፉ በኮንትሮባንድ ይገባል። ምኒልክ ያዝኩት ብሎ የኮራበት መንገድ አሁን በማንም እጅ የለም።

ይህን ሰንሰለት ሙሉውን ያየ ሰው ዓድዋን አያሳንስም፤ ይልቁንም ያከብረዋል፤ ምክንያቱም ከነዋጋው ያውቀዋል። አንድ ካሚዮን ጠመንጃ ወይም አንድ ግመል ጥይት ያለ ከፋይ አልመጣም። ከፋዮቹ አዙሌ፣ ወላይታና ከፋ ላይ ነበሩ። የዓድዋ ትምህርት ለልጆች ሲሰጥ የካዎ ጦናና የታቶ ጋኪ ሸሮቾ ስም ከምኒልክና ከጣይቱ ስም ጋር በአንድ ምዕራፍ ይጻፍ። ያን ጊዜ ጠመንጃ ያልያዘው ሰው ድርሻውን በታሪክ ያገኛል፤ በመጽሐፍ ድርሻውን ያገኘ ሕዝብም ድርሻውን በአፈሙዝ ለመጠየቅ የሚያነሣው ምክንያት ይቀንሳል።